ጋነብ ያሻገረው መሬት

ጋነብን ያላየ ሰው ወንዝ አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል። ካርታ ላይ የለም። የሌለው ግን ትንሽ ሆኖ አይደለም፤ ካርታ ሠሪው ሚዛን ተፈሪ ሲደርስ ዝናብ ይዞት፣ ሻይ ቤት ገብቶ፣ እስኪያባራ ሲጠብቅ አርጅቶ ስለቀረ ነው። የሚዛን ዝናብ ከሌላው አገር ዝናብ ጋር ዝምድና የለውም። ሌላ አገር ይዘንባል፤ እዚህ ይደፋል። የተደፋው ሁሉ ላይኛው ጫካ ውስጥ ተሰብስቦ፣ በቡናው መሃል እየተጠማዘዘ ይወርድና ከከተማው በታች አንድ ቦታ ላይ እንደ ክርን ይታጠፋል። በዚያ ክርን ግራና ቀኝ ሁለት ሰዎች ይኖሩ ነበር። ከጅማ እስከ ማጂ ከእነዚህ ሁለት ሰዎች በላይ የሚጮህ ፍጡር እግዜር አልፈጠረም።

ወዲህ ማዶ ግንበኛው ዓለምሰገድ፣ ወዲያ ማዶ ነጋዴው ኸይሩ።

የሚጮሁት ተጣልተው አይደለም፤ ወንዙ ራሱ ስለሚጮህ ነው። በበጋ ጋነብ ለስልሶ ጠጠሩ ላይ ሲንሾካሾክ እነሱም እንደ ሰው ያወራሉ። ሚያዝያ ሲገባ ወንዙ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ እነሱም ከፍ ያደርጋሉ። ሐምሌ ላይ የኸይሩ «እንዴት አደርክ» ማጂ አጠገብ ቱም ገበያ ድረስ ይሰማል። እዚያ በርበሬ ስትሰፍር የነበረች ሴት «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ መልሳለት ታውቃለች ይባላል።

የዓለምሰገድ አባት ከመንዝ የመጡ የወረዳ ጸሐፊ ነበሩ። እሱ ግን ተወልዶ ያደገውም፣ ድንጋይ መጥረብ የተማረውም ሚዛን ነው። ከተማው ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመ ግንብ ካለ የእሱ ነው፣ የተንጋደደ ካለ የሌላ ሰው ነው፤ አባባሉ እንዲህ ነበር። ብቻውን ያስቀረውም ይኸው አባባሉ ነው። የእድሩ ዳኛ እናታቸው ሞተውባቸው ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ሳለ ጎንበስ ብሎ፣ «እግዜር ያጥናዎት፤ የሳሎንዎ ማዕዘን ግን ወደ ግራ አዘንብሏል» አላቸው። ለቀስተኛው ሁሉ ሰማ። ከዚያ ወዲህ የከተማው ሰው ሰላምታ ቀዘቀዘ። ሚስቱ ወሰንየለሽ በሕይወት ሳለች ግድ አልሰጠውም ነበር። እሷ ሞተች። ልጃቸው ዲቦራ ማጂ አስተማሪ ናት፤ መንገዱ ሲፈቅድ እመጣለሁ ትላለች፣ የማጂ መንገድ ደግሞ ፈቅዶ አያውቅም። በላዩ ላይ ጉልበቱ ዳገት እምቢ አለውና ወደ ከተማ መውጣቱንም ተወው።

እንግዲህ ከነጋ እስኪመሽ ለዓለምሰገድ ተብሎ የሚነገር የሰው ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ከወንዝ ማዶ ተወርውሮ የሚመጣው የኸይሩ ቃል ነው።

ኸይሩ የስልጤ ሰው ነው። ሚዛን ገበያ ውስጥ ጨርቅ ሲቀድ ኖሮ፣ ሱቁን ለወንድሙ ልጅ ለቆ፣ ከሚስቱ ከማርዋ ጋር ከወንዙ ማዶ ቡና ማሳው ውስጥ ገባ። ሁለቱን ቤቶች የሚያገናኝ ድርብ ገመድ ነበር፤ ወዲህ ዋንዛው ላይ፣ ወዲያ ሾላው ላይ የታሰረ፣ ክዳን ያለው የዘይት ጣሳ የተንጠለጠለበት። ድልድዩ ላይኛው መንገድ ላይ ስለሆነና ዳገት ስላለው፣ ለዓለምሰገድ ጉልበት ዓለም ዳርቻ ነው። ስለዚህ ሁሉ ነገር በጣሳ ይሄዳል። ከወዲያ ማርዋ ያፈላችው ጨሞ ይመጣል፤ ጨሞ ማለት የአገሩ ሰው ከቡና ቅጠል በዝንጅብልና በሚጥሚጣ የሚያፈላው፣ ጉሮሮን ገርፎ ነፍስን የሚያነቃ መጠጥ ነው። ከወዲህ ሙዝ ይሄዳል፣ ማር ይሄዳል፣ አንዳንዴም የጠረበው ወፍጮ ድንጋይ ይሄድና ገመዱን ሊበጥሰው ይደርሳል። ላኪው «ተቀበል!» ይላል። ተቀባዩ «ደረሰ!» ይላል። ጣሳው ባዶ ሆኖ ሲመለስ እንኳ ይህ ሳይባል ተልኮ አያውቅም።

ለውጡ የጀመረው ከላይ ነው። ላይኛው ጫካ ለአዲስ እርሻ ተመነጠረ። ጫካው ሳለ የዘነበው ዝናብ በቅጠል ላይ ተንከባሎ፣ በስር ውስጥ ሰርጎ፣ ጋነብ ጋ እንደ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ነበር የሚደርሰው። ጫካው ሲሄድ ግን ጠዋት የዘነበው ለምሳ ይደርስ ጀመር፤ ያውም ባዶ እጁን አይደለም፣ የተራራውን አፈር ተሸክሞ ነው። ወንዙ መልኩ እንደ ቀይ ወጥ ሆነ። ሌት አለቱን ሲያንከባልል የዓለምሰገድ አልጋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ወንዝ ሲሮጥ አለት ይገፋል። ሲደክመው ጠጠሩን ያስቀምጣል፣ ይበልጥ ሲደክመው አሸዋውን፣ ሊተኛ ሲል ደግሞ ጭቃውን። ዓለምሰገድ ይህን ያውቃል፤ ዕድሜውን ሙሉ ለግንብ የሚሆነውን ሻካራ አሸዋ ከደለሉ ራስ፣ ለልስን የሚሆነውን ከጅራቱ ሲያፍስ ኖሯል። የትኛውም ወንፊት እንደ ጋነብ አያበጥርም ይል ነበር። አሁን ግን ወንዙ የሚሮጠው እሱ በኩል ነው፣ በክርኑ ውጭ። የሚደክመውና ሸክሙን የሚያወርደው ኸይሩ በኩል ነው፣ በክርኑ ውስጥ። እሱ ጋ ጠርዙ ከሥር እየተቦረቦረ፣ «ቧ!» እያለ ይወድቃል። ኸይሩ ጋ ደለሉ ከክረምት ክረምት እያበጠ ሄደ። ወንዙም ሰፋ፤ በሰፋ ቁጥር ገመዱ ላይ ቅጥያ ይታሰራል፣ ጣሳውም ቋጠሮው ላይ ሲደርስ ይንገጫገጭና ጨሞው ይፈሳል።

ኸይሩ ደለሉ ላይ ጎደሬ ተከለ።

«ዓለሜ!» አለ አንድ ቀን ጠዋት፣ እጁን አፉ ላይ እንደ ጥሩምባ አድርጎ። «መሬትህ ሰለመ!»

«ምን?»

«ሰለመ እኮ ነው የምልህ! ተሻግሮ እኔ ጋ መጣ! ወላሂ አልጠራሁትም፣ በራሱ ፈቃድ ነው!»

«ክርስትና የተነሳ መሬት ነው፣ አንተ ቀማኛ! ጎደሬህ ላይ ጠበል ነው የማስረጭበት!»

«አስረጨው! ጎደሬ ውሃ አይጠላም!»

ማርዋ ከጓሮ ሆና፣ «ጋሼ፣ ተወው እሱን! ጎደሬው ሲደርስ ከየትኛው ሃይማኖት እንደሆነ ቀቅለን እናየዋለን!» አለችና ሦስቱም ሳቁ። ጎደሬው ሲደርስ የጥጃ ራስ ያክል ነበር። ኸይሩ አንዱን ጣሳው ላይ አስሮ፣ «ከገዛ መሬትህ ነው፣ ተቀበል!» ብሎ ላከው። ዓለምሰገድ ቀቅሎ በላው። ጣፈጠው። መጣፈጡ አናደደው።

እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነበር። ጨዋታው የተበላሸው በቡና ተክል ነው።

ወሰንየለሽ በወንዙ ጠርዝ ላይ በገዛ እጇ የተከለችው አንድ ረድፍ ቡና ነበር። ከሞተች በኋላ ዓለምሰገድ ያንን ረድፍ ሌላ ሰው እንዲነካው አይፈቅድም፤ ራሱ ይኮተኩተዋል፣ ራሱ ይለቅመዋል፣ ሲኮተኩትም ያወራዋል። በአንድ ክረምት ጋነብ ከረድፉ ጫፍ አንድ ተክል ከነአፈሩ ቆርሶ ወሰደ። ውሃው ሲጎድል ዓለምሰገድ ቀና ብሎ አየ፤ ተክሉ ከማዶ ደለሉ ላይ ቆሟል። ተጋድሞ አይደለም። ኸይሩ አቃንቶ፣ አፈር አልብሶ፣ በእንጨት ደግፎታል። በቀጣዩ ዓመት አበበ። ነጭ አበባው ከማዶ እንደ ነጠላ ሲታየው ዓለምሰገድ ቁርሱን መብላት አቃተው።

«ያ የወሰንየለሽ ነው!» አለ።

«አውቃለሁ! እዚህ ተመችቷታል!»

«መልስልኝ!»

ኸይሩ እንደ ልማዳቸው የሚቀልዱ መስሎት፣ «እኔ አላመጣኋት! ወንዙን ጠይቀው!» አለና ሳቀ።

ዓለምሰገድ አልሳቀም። ሾላው ጥላ ሥር የሚስቁትን ሁለት ሰዎች አየ፤ ባልና ሚስት፣ ጎን ለጎን። ከዚያ ቤቱን ዞር ብሎ አየ። በሩ ክፍት ነው። ውስጡ ማንም የለም። ሚስቱ እንኳ ተሻግራ እነሱ ጋ የሄደች መሰለው።

«እሺ፣ እጠይቀዋለሁ» አለ፣ ማንም በማይሰማው ድምፅ።

ሚሊኒየሙ ሊከበር ወራት ሲቀሩት፣ በጥር፣ ጋነብ ጠጠሩን እንደ ጎድን አጥንት አሳይቶ ሲተኛ፣ ዓለምሰገድ ከጠርዙ ተነስቶ ወደ ወንዙ መሃል የሚገባ ግንብ መሥራት ጀመረ። ውሃውን ከራሱ ላይ ገፍቶ ወደዚያኛው ማዶ ሊልከው ነው። ዳገት ያስጠላው ጉልበት ለዚህ ሥራ አልሰነፈም። ጥርብ ድንጋይ አነባበረ፣ በሲሚንቶ አሰረ፣ በየመስመሩ ውሃ ልክ አስቀመጠ። ያ ግንብ ፋሲል ቢያየው አናጺዎቹን ያባርር ነበር። አንድ ነገር ብቻ አስቸገረው፤ ቱምቢውን ሲያወርድ ክሩን ውሃው ይገፋዋል፣ እርሳሱ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ዕድሜውን ሙሉ የሠራው የማይንቀሳቀስ ነገር ላይ ነው። ግድግዳ ባለበት ይቆማል፣ ክፍል ባለበት ይቆያል። ወንዝንም እንደ ክፍል አየው፤ በዚህ በኩል ግድግዳ ካቆምኩ በዚህ በኩል አይገባም አለ። ከወንዙ ፊት ለፊት፣ ቀጥ አድርጎ፣ እንደ ሳሎን ማዕዘን አቆመው።

«ምንድን ነው የምትገነባው?» አለ ኸይሩ።

«መታጠቢያ!»

«ለማን? ለዝሆን?»

«ለኔ! እግሬን የምዘፈዝፍበት!»

ኸይሩ አመነው ወይም ያመነ መሰለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀትር ላይ ጣሳው ሳይጠራ ይመጣ ጀመር። «ማርዋ ለግንበኛው ብላለች! ተቀበል!» ዓለምሰገድ እጁ ሲሚንቶ እንደሆነ ክዳኑን ይከፍታል፣ ትኩስ ጨሞውን ይጠጣል፣ «ደረሰ!» ይላል፣ ከዚያ ማንኪያውን አንስቶ የኸይሩን ማዶ የሚያፈርሰውን ግንብ መገንባቱን ይቀጥላል። ጉሮሮው ላይ የሚያቃጥለው ሚጥሚጣው ነው ብሎ ለራሱ ነገረው።

ክረምቱ ሲመጣ ግንቡ የታዘዘውን ፈጸመ። የመጀመሪያው ደራሽ መጥቶ ድንጋዩ ላይ ተላተመ፤ አረፋው እስከ ዋንዛው ቅርንጫፍ ወጣ፤ ከዚያ ተጠምዝዞ እንደ ተተኮሰ ወደ ማዶ ሄደ። ግንቡ ጀርባ ውሃው ፀጥ አለ። ፀጥ ያለ ውሃ ሸክም አይችልምና መጀመሪያ አሸዋውን፣ ቀጥሎ ለስላሳውን ጭቃ አወረደ። ሰኔ ሳያልቅ ዓለምሰገድ ትናንት ዓሣ የዋኘበት ላይ በጫማው ቆመ። አዲስ መሬት! አፈሩ እንደ ቅቤ ነው፣ ዱላ ብትተክልበት ያፈራል። «አየህ?» አለ ጮክ ብሎ። «አየህ፣ ኸይሩ?»

ኸይሩ አላየም፤ የሚያየው ሌላ ነገር ነበረው። መጀመሪያ የሄደው ደለሉ ነው፣ ከነጎደሬው። ከደለሉ ጋር የወሰንየለሽ ቡና ሄደ። ዓለምሰገድ ይህን አላሰበም ነበር። ተክሉ ተነቅሎ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሥሩን ወደ ሰማይ አሳይቶ፣ ወደ ታች ሲወርድ በዓይኑ ተከተለው። እሱ ጋ አልመጣም። የትም አላረፈም። መልስልኝ ያለውን ራሱ ሸኘው።

ቀጥሎ ጠርዙ ሄደ። ቀጥሎ ሾላው። ያ ሾላ ሥሩ አንድ ክፍለ ጦር ያስጠልል ነበር፤ ሲወድቅ ማሻ ድረስ ወፍ ተነሳ። ገመዱ አብሮ ተወጠረ፣ ተበጠሰ፣ በዓለምሰገድ በኩል ያለው ጫፍ ከነጣሳው ውሃው ላይ እየተገረፈ ቀረ። በነሐሴ መጨረሻ የማርዋ ማዕድ ቤት ግማሹ ተንጠልጥሎ፣ ግማሹ ሄደ።

ያን ጊዜ ዓለምሰገድ ጮኸ። «ኸይሩ! ውጡ! ከቤት ውጡ!» አለ። ኸይሩም ከማዶ የዓለምሰገድ አፍ ሲንቀሳቀስ ያያል፤ ድምፁ ግን አይደርስም። ወንዙ አሁን የሚያገሳው በዚያ በኩል ነው፤ ድምፃቸውን ከነአፈሩ ይዞ ይወርዳል። በዚህ በኩል፣ ግንቡ ጀርባ፣ እንቁራሪት ይሰማ ነበር። ሁለት አገር የሚሰማው ጉሮሮ ያላቸው ሰዎች፣ በእጅ እያመለከቱ ቆመው ሳይግባቡ ተለያዩ።

አገሩ በሙሉ አዲሱን ሺህ ዓመት ለመቀበል ባንዲራ ሲሰቅል፣ ሚዛን ላይ ርችት ሲተኮስ፣ ዓለምሰገድ በሩ ላይ ተቀምጦ የማዶውን ቤት ይጠብቅ ነበር። ጭስ አይታይም። በጥቅምት ውሃው ጎድሎ ጩኸቱ ሲበርድ፣ ኸይሩ ወደ ጠርዙ መጣ። ከስቷል። ግንቡን ከራሱ እስከ ግርጌው አየው።

«ግንብህ ያምራል፣ ዓለሜ» አለ። «ቀጥ ያለ ነው።»

በሕይወቱ የተነገረው ትልቁ ምስጋና ይኸ ነበር። ዓለምሰገድ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ፤ እሱ በኩል ግን መሬት መዋጥ ትታ ነበር።

«ቴፒ ልንሄድ ነው» አለ ኸይሩ። «የማርዋ እህት ጋ። ማርዋ ሌሊት እንቅልፍ የላትም፤ ቤቱ እየሄደ ነው ትላለች። በመጪው ክረምት የቀረውም አይተርፍም።»

ዓለምሰገድ ብዙ የሚለው ነበረው። አፉን ከፈተ። «መንገዱ ጭቃ ነው» አለ። «ተጠንቀቁ።»

«ኢንሻ አላህ።»

ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ ነው። ዓለምሰገድ ጠዋት ተነስቶ ፊቱን ሊታጠብ ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ ወንዙ ግን ርቋል፤ አዲሱን መሬት አቋርጦ መሄድ አለበት። ያ ሁሉ ለም አፈር እጁ ላይ ወድቆ አንድ ዘር አልተከለበትም። ለማን ያሳየዋል? የጥጃ ራስ የሚያክል ጎደሬ ቢበቅል «ይኸው!» የሚለው ለማን ነው? ሰው የሚኮራው የሚያናድደው ሰው ሲኖር ነው። አንድ ቀን የገዛ ድምፁን ሊሰማ ብሎ፣ «እንዴት አደርክ!» አለ። ግንቡ ተቀብሎ፣ «...ደርክ» ብሎ መለሰለት። ሌላ መላሽ አልነበረም። ዓለምሰገድ ያን ቀን ምሳውን ይዞ ግንቡ ሥር ተቀመጠና ብዙ አወራው። ማምሻውን ሲነሳ በራሱ ደነገጠ፤ ከድንጋይ ጋር ሲማከር መዋሉ ነው።

የማዶው ቤት አሁንም ቆሟል። በሩ ተዘግቶ፣ ጠርዙ ከደጁ ጥቂት ርቀት ላይ ደርሷል። ቡናው ከኋላው አለ። ኸይሩ ለቡናው ሲል ይመለስ ይሆናል፤ ቤቱ ከቆመ። ቤቱ ከሄደ ግን ማን ወደ ምን ይመለሳል? ዓለምሰገድ ይህን ሲያስብ ሰነበተ። ጥር ሲገባ፣ ውሃው ወገቡ ድረስ ብቻ ሲሆን፣ ዲጂኖና መዶሻ ይዞ ግንቡ ላይ ወጣ።

ግንቡ እምቢ አለ። ምን ዓይነት ግንብ ነው! ዲጂኖው ይጎብጣል እንጂ ድንጋዩ አይላቀቅም። ሲሚንቶው ከአለቱ ጋር ተጋብቶ ወልዷል። ዓለምሰገድ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ «ማን ነው ይህን የገነባው?» እያለ ይራገም ነበር። «እጁ ይሰበር! ትንሽ ቢሰንፍ ምን ነበረበት? አንዷን ድንጋይ አንጋዶ ቢያስቀምጥ ምን ይሞታል?» መዶሻው መዳፉን ላጠው። ጉልበቱ አበጠ። በበጋው ማብቂያ ላይ የመጨረሻውን መስመር ገልብጦ ወንዙ ውስጥ ሲጥለው፣ ቱምቢውንም አብሮ ወረወረው። ለምን እንደወረወረው አያውቅም።

ጋነብ ለመመለስ አልተለመነም። በሰኔ የመጀመሪያው ደራሽ ወደ ድሮ ክርኑ ገባ፤ አዲሱን መሬት በሐምሌ ወር ውስጥ ጠራርጎ በላ፤ ያ ቅቤ የመሰለ አፈር ትናንት እንደመጣ ዛሬ ሄደ። ከዚያ ድሮ የጀመረውን ጠርዝ አገኘ። ከወሰንየለሽ ረድፍ አንድ ተክል ወሰደ፣ ደግሞ አንድ ወሰደ። ዓለምሰገድ በየጠዋቱ ቆሞ ይሸኛቸው ነበር። ማዶ ግን ውሃው ደክሞት ጠጠሩን ማውረድ ጀምሯል። የኸይሩ ቤት ክረምቱን ቆሞ አለፈ።

በኅዳር ቡናው ቀላ። አንድ ጠዋት ዓለምሰገድ ፊቱን ሲታጠብ ከማዶ ሳል ሰማ። የሚያውቀው ሳል ነው። ቀና ሲል ኸይሩ ከረጢት በትከሻው ይዞ ትኩስ ደለሉ ላይ ቆሟል።

«ግንቡ የታለ?» አለ ኸይሩ።

«ወንዙ ወሰደው!»

ኸይሩ ከረጢቱን አወረደ። «አንተ የገነባኸውን? ወንዝ?»

ዓለምሰገድ እኮ ግንብ ገንብቶ ወንዝ ወሰደብኝ ከሚል ምላሱን ቢቆርጥ የሚመርጥ ሰው ነው፤ ከተማው በሙሉ ያውቀዋል። ጋነብ በመሃላቸው ጠጠሩን እያንከባለለ አለፈ።

«ደካማ ግንብ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ተንጋዶ ነበር።»

«ምን አልክ? አልሰማሁም!»

«ተንጋዶ ነበር አልኩህ!» ብሎ ጮኸ፤ ጩኸቱ ቱም ገበያ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። «ግንቤ ተንጋዶ ነበር!»

ኸይሩ ቆሞ አየው። የተላጠውን መዳፍ ከማዶ ማየት አይቻልም፤ በወንዙ ዳር የተበታተነውን፣ የዲጂኖ ጥርስ ያረፈበትን ጥርብ ድንጋይ ግን ማየት ይቻላል። «ውሸታም» አለ ቀስ ብሎ። ቀስ ብሎ የተባለ ቢሆንም ተሰማ፤ በጋ ነው።

ከዚያ ዓይኑ ወደ ዓለምሰገድ ቤት ሄደ። ጠርዙ ዋንዛው ሥር ደርሷል፤ የዋንዛው ሥር አየር ላይ ተንጠልጥሏል። «አንተ ሰው፣ ቤትህ እኮ ሊሄድ ነው!»

«ይሂድ! የት ይሄዳል? አንተ ጋ ነው የሚያርፈው!»

«እንግዲያው ወጥ ቤቱን አስቀድመህ ላክ፤ የማርዋን ወስደኸዋል!»

ሳቁ። ሳቁ እንደ ድሮው አልነበረም፤ አንዱ ሲጨርስ ሌላው ገና አልጀመረም። ዓለምሰገድ የተበጠሰውን ገመድ ከዋንዛው ፈትቶ ድንጋይ አስሮ ወረወረው። ወንዙ ሰፍቷል፤ ውሃው መሃል ወደቀ። ደግሞ ወረወረ፤ ደግሞ ወደቀ። ኸይሩ፣ «ተወው፣ ዓለሜ» አለ። «እኔ በኩልም ማሰሪያ ዛፍ የለም።»

ቡናው እስኪለቀም ድረስ በየጠዋቱ ተነጋገሩ። ለቀማው ሲያልቅ ኸይሩ የቤቱን በር ዘጋ። ማርዋ ቴፒን ለምዳለች አለ፤ ቤቱ ግን ከቆመ ለመጪው ለቀማ ይመጣል፣ ምናልባት እሷም ትመጣለች። ምናልባት። ከረጢቱን ተሸክሞ ቡናው ውስጥ ሲገባ ዓለምሰገድ ጀርባውን እስኪሰወርበት በዓይኑ ተከተለው።

ከዚያ ወዲህ ዓለምሰገድ ውሎው ጠርዙ ላይ ነው። ዝናብ ሲመጣ ጋነብ ይቀላል፣ ይፈጥናል፣ ከሥሩ ይቦረቡራል። ጠርዙ ይሰነጠቃል። ዓለምሰገድ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ይልና ይጠብቃል። አፈሩ፣ «ቧ!» ብሎ ሲወድቅ፣ ውሃው ተቀብሎት ወደ ማዶ ሲያዞረው፣ እጁን አፉ ላይ እንደ ጥሩምባ ያደርጋል።

«ኸይሩ! ተቀበል!»

የለመደበት ነውና መልሱን ትንሽ ይጠብቃል። ከዚያ ወደ ቤቱ ይገባል።